ከቬርና ሜዳ የወጡ የናስ ሚስማሮች

ኦሪን ቲልደን መሬት ውስጥ የኖረ ዕቃ እጁ ሲገባ ዕድሜውን ለመናገር አይቸኩልም። መጀመሪያ አፈሩን በአውራ ጣቱ ያራግፋል። ቀጥሎ ጠርዙን ይዳስሳል፤ ከዚያ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ዓይኑ ሥር ያስጠጋዋል። «በምን ተሠራ? በእጅ ነው በማሽን? የተሰበረው ሲሠሩበት ነው ወይስ ከተጣለ በኋላ?» እያለ ራሱን ይጠይቃል። ዓመቱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፤ እሱም ከመጣ።

እኔ ጎረቤቱ ነኝ። መንደራችን ታፍትስቦሮ ውስጥ የእሱንና የእኔን ግቢ የሚለየው አንድ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ፣ ይኸው አሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ሁለተኛውን አካፋ ተሸክሜ እከተለዋለሁ። ኦሪን አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ በአሜሪካ፣ በምሥራቅ ኮኔክቲከት የቤት ማሞቂያ ቦይለር ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ያልገባበት ምድር ቤት የለም። በሠላሳ አራት ዓመቱ አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ቦይለር ሥር ተንጋልሎ ሳለ ጀርባውን የሆነ ነገር ወጋው። አውጥቶ ቢያየው የናስ ዘለበት ነው። ባለቤቲቱ «ጣለው» አለችው። አልጣለውም፤ ሁለት ሳምንት ኪሱ ውስጥ ይዞት ዞረ። አንዱ የፈረስ ልጓም ነው አለው፣ ሌላው የመጋረጃ ነው አለው። በመጨረሻ የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ አንድ መጽሐፍ ገልጣ አሳየችው፤ የወንድ ጫማ ዘለበት ኖሯል፣ ይህ አገር በእንግሊዝ ንጉሥ ሥር በነበረበት ዘመን የተሠራ።

«እዚያ ምድር ቤት ሃያ ጊዜ ገብቻለሁ» አለኝ አንድ ቀን። «ከእኔ በፊት አንድ ሰው ጫማው ተፈትቶበት፣ አንድ እግሩን እየጎተተ እዚያው ሲፈልግ ነበር። አላገኘውም። እኔ አገኘሁለት።»

ዲቴክተር የገዛው በዚያው ወር ነው። ዲቴክተር ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ክብ ሳህን ያለው መሣሪያ ነው፤ ሳህኑን ሣሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ይሄዱበታል፣ ከሥር ናስ ወይም ብር ወይም እርሳስ ሲኖር በጆሮ ማዳመጫው ይጮኻል። መቆፈር ማንም ይችላል። ኦሪን የሚለየው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። የኮት አዝራር ያገኛል እንበል። ጀርባውን ያየዋል። ማሰሪያ ቀለበቱ ከአዝራሩ ጋር አብሮ ቀልጦ የወጣና በኋላ የተበሳ ከሆነ አገሩ ከእንግሊዝ ነጻ ከመውጣቱ በፊት የተሠራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጀርባው ለጥ ያለና በወርቅ መለበጡን የሚያወራ ጽሑፍ ካለበት ደግሞ ያኔ የኖሩት ሰዎች የልጅ ልጆች የለበሱት ነው። ማንኪያ ካገኘ ይገለብጠዋል፤ ከጎድጓዳው ሥር እንደ አይጥ ጅራት የተሳለ መስመር ከወጣለት፣ የጥንት ነውና፣ ያ ቀን ለእሱ በዓል ነው። የሸክላ የትምባሆ ፒፓ ስባሪ ካገኘማ ውፍረታቸው የተለያየ የትራፓኖ ፑንታዎቹን ከኪሱ ያወጣል። የፒፓ ቀዳዳ ዘመን በሄደ ቁጥር እየጠበበ ነው የመጣው፤ ስለዚህ የትኛው ፑንታ ልክክ ብሎ እንደሚገባ አይቶ ሠላሳ ዓመት ወዲያ ወይም ወዲህ ብሎ ይገምታል። አንድ ስባሪ ብቻውን ይዋሻል፤ ሃያ ስባሪ ሲሆን ግን እውነቱ ይቀርባል። ይህን ሁሉ ቦይለር እንደሚጠግን ሰው በትዕግሥት ነው የሚያደርገው፤ ፊቱ ግን የልደት ስጦታ እንደሚፈታ ሰው ይበራል።

መጀመሪያ ላይ ተሳስቶ ያውቃል። የ1737 የመዳብ ሳንቲም በአንድ አሮጌ ቤት በር አጠገብ አገኘና ለባለቤቱ «ቤትህ በዚህ ዓመት ተሠራ» አለው። ሰውየው ዓመቱን ሰሌዳ ላይ በትልቁ አስጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። በኋላ የመሬቱ ወረቀት ሲወጣ ቤቱ ከስልሳ ዓመት በኋላ የተሠራ ሆነ። ሳንቲም ዕድሜው ስንት እንደሆነ እንጂ መቼ ከኪስ እንደወደቀ አይናገርም። ኦሪን ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ፤ ሰውየው ግን ሰሌዳውን እስከ ዛሬ አላወረደም።

የቬርና ነገር የመጣው ባለፈው ኅዳር ነው።

ቬርና ሃታዌይ ከኦሪን ጋር አንድ ክፍል የተማረች ናት፤ እርሻው ከቅድመ አያቶቿ የመጣ ነው። ባሏ ሎወል ከዚያ በፊት በነበረው የካቲት ከቤታቸው ደረጃ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። የዚያ ቤት ደረጃ እንደ መሰላል የቆመ ነው፤ መኝታውም መታጠቢያውም ፎቅ ላይ። ከዚያ ወዲህ ሎወል ሳሎን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው፤ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ስለሚቀረው እግሩ ውጭ ያድራል። ለመታጠብ ግን ያንኑ ደረጃ መውጣት አለበት። ሐኪሙ ሌላ መውደቅ ከመጣ መነሳት እንደማይኖር በግልጽ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ከበረቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት ሊሠሩ ተነሱ። ኤክስካቫተሩ ሐሙስ ይመጣል፤ መሬቱ ከውርጭ በፊት ተቆፍሮ ኮንክሪቱ መፍሰስ አለበት። ያ ቀን ካለፈ ተቋራጩ ሌላ ሥራ ስላለበት እስከ ሚያዝያ አይመለስም። ያም ማለት ሎወል የበረዶውን ወራት ሙሉ ያንኑ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይከርማል ማለት ነው።

«ማሽኑ መሬቱን ከመገልበጡ በፊት ዞር ዞር በልበት» አለችው ቬርና ኦሪንን። «የአያቶቼ ነገር ካለ ከዚያ ጥርስ ይትረፍ።»

ሰኞ ጠዋት ሜዳውን በገመድ ከፋፍለን ጀመርን። በመጀመሪያው ሰዓት ሦስት አዝራር፣ አንድ ድቡልቡል የእርሳስ ጥይትና ለሁለት የተቆረጠ የመዳብ ሳንቲም ወጣ። ኦሪን ያፏጭ ነበር። ከዚያ ፈርሶ የቀረ የአንድ ድሮ ቤት የምድር ቤቱ ጉድጓድ እሾህ ለብሶ ካለበት ጥግ ስንደርስ ዲቴክተሩ ቀጭን ቀጭን ድምፅ ያከታትል ጀመር። የመጀመሪያው ትንሽ የናስ ሚስማር ነበር፤ ራሱ የሽንብራ ክክ ያህል። ሁለተኛው እንደዚያው። ኦሪን እንደ ዶሮ እየለቀመ አሥራ አንዱን ኪሱ ከተተ።

አሥራ ሁለተኛው ላይ እጁ ቆመ። የቀለም ብሩሹን አውጥቶ አፈሩን ጠረገ። ሚስማሮቹ ራሳቸውን ወደ ላይ አድርገው ሰልፍ ይዘዋል። ሰልፉ ዞሮ «ኢ» የሚባለውን ባለ ሦስት ጥርስ የላቲን ፊደል ሠራ። ከሥሩ አንድ፣ ሰባት፣ አራት የሚሉ ቁጥሮች ወጡ። ከአራቱ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ኦሪን ማዳመጫውን አውልቆ ተነሳ። «በቃ፣ አትንካው» አለኝ።

«ምነው?»

«በዚያ ዘመን የሬሳ ሣጥን ክዳን ላይ የሟቹን ስም መጀመሪያና ዓመቱን በናስ ሚስማር ይጽፉ ነበር።»

ሚስማሮቹ የያዙትን ቦታ በዓይኔ ለካሁት። «ይሄ እኮ ሜትር እንኳ አይሞላም።»

«አዎ» አለ። «እሱ ነው ያስፈራኝ።»

ያኔ በእነዚህ መንደሮች የጉሮሮ በሽታ ስንቱን ሕፃን እንደጨረሰ እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ብዙዎቹም በየእርሻቸው ተቀብረዋል። መቃብር የሚመስል ነገር ያገኘ ሰው ቁፋሮውን አቁሞ ለስቴቱ መንግሥት አርኪዮሎጂስት መንገር አለበት። መቃብር ከሆነ ኤክስካቫተሩ ቦታውን አይነካም።

አልዋሽም፤ የሎወል እግር ፊቴ ድቅን አለብኝ። «ኦሪን፣ ያየን ሰው የለም» አልኩት።

«እና? ሎወል አልጋውን ሕፃን ላይ ይዘርጋ?» አለኝ። አካፋዬን ጥዬ ተከተልኩት።

ቬርና ወጥ ቤት የዓሣ ሾርባ እያማሰለች ነበር። ኦሪን ቆቡን በእጁ ይዞ ሁሉንም ነገራት። ማማሰያዋን አላስቀመጠችም።

«ሠላሳ ምናምን ዓመት ስትቆፍር የጠርሙስ ክዳን ስታገኝ ኖረህ፣ ዛሬ ከእኔ ሜዳ ሬሳ ታወጣለህ?»

«እርግጠኛ አይደለሁም፣ ቬርና።»

«እርግጠኛ ካልሆንክ አፍህን ዘግተህ ሾርባህን ጠጥተህ አትሄድም ነበር?»

«አልችልም።»

«አውቃለሁ አልችልም እንደምትል። አንተ ሦስተኛ ክፍልም እንዲሁ ነበርክ፤ መስኮቱን የሰበርነው እኛ ነን ብለህ ሁላችንንም አስመታኸን!»

ከሳሎን የሎወል ድምፅ መጣ። «ተይው እንጂ፣ ሴትዮ። ሕፃን ከሆነ ቀድሞ የተኛው እሱ ነው። የምንነሳው እኛ ነን።»

ቬርና እሳቱን አጠፋችና ስልኩን አነሳች። አርኪዮሎጂስቷ ረቡዕ ጠዋት እመጣለሁ አለች።

ማክሰኞን ኦሪን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ዋለ። አሥራ አንዱን ሚስማር አጥቦ ነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሯቸዋል። በኋላ ዘመን የመጡት እንዲህ ያሉ ሚስማሮች ራሳቸው እንደ ቅጠል የሳሳ ናስ፣ እግራቸው ብረት ነው። እነዚህ ግን ራስና እግራቸው ባንድ ላይ የፈሰሱ ናቸው፤ እግሩም አራት ማዕዘን ሆኖ ወደ ጫፉ ይሾላል። «አሮጌ ናቸው» አለኝ ቅስሙ ተሰብሮ። «ከዓመቱ ጋር ይስማማሉ። ዕቃ አንስቶ ምነው አዲስ በሆነ ስል የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አርኪዮሎጂስቷ ዶክተር ቡድሮ መጣች፤ አጠር ያለች፣ የሱሪዋ ጉልበት ላይ ወፍራም ጨርቅ የሰፋች ሴት። ጉድጓዱ ጠርዝ ተንበርክካ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ አየች። ቬርና ባርኔጣዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ እጆቿን አጣምራ ከኋላዋ ቆማለች።

«ዓመቱ 174 ብሎ ቀርቷል» አለች ዶክተሯ። «አራተኛው ቁጥር የት ሄደ?»

ኦሪን ኪሱን ዳበሰ። «እዚህ ነው። መጀመሪያ ያወጣኋቸው።»

«ከየት ከየት እንደወጣ ለይተውታል?»

«አልለየሁም።»

«እንግዲያው አራተኛውን ቁጥር ማንም አያውቀውም፣ አቶ ቲልደን።»

«እኔ ነኝ የበላሁት» አለ ኦሪን መሬት መሬት እያየ።

ዶክተሯ ገላምጣው ቀጠለች። «የብረት ሚስማርስ ስንት ሰሙ?»

«የብረት? ምንም።»

«አንድም?»

«አንድም።»

«ሣንቃውን ታዲያ በምን አያያዙት፣ በጸሎት?»

ኦሪን መሣሪያውን አየ። ከአንገቱ ተነስቶ እስከ ጆሮው ቀላ።

በዚህ መሣሪያ የሠራ ሰው ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። እዚህ አሮጌ እርሻ ላይ የዛገ ሚስማር እንደ ጠጠር ነው፤ የፈረስ ጫማው፣ የሽቦው ቁራጭ፣ የማረሻው ስባሪ። መሣሪያው ለሁሉም ከጮኸ ሰው ያብዳል። ስለዚህ ሁላችንም ገና ስንገዛው ብረትን እንዲንቅ እናዘዋለን፤ ናስ፣ ብር፣ መዳብና እርሳስ ሲያገኝ ብቻ ይናገራል። ኦሪን ለአሁኑ መሣሪያው ያንን ትእዛዝ የሰጠው ሲገዛው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ ነክቶት አያውቅም፤ ትእዛዝ መሆኑንም ረስቶታል። መሬቱ ውስጥ ብረት የሌለ መስሎት ነው የኖረው።

«ጆሮውን ራሴ ደፍኜበታለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?» አለች ቬርና። «ደንቆሮ ማሽን ይዘህ ነው ሁለት ቀን ሙሉ ሆዴን ያሸበርከው?»

«ቆይ፣ ቬርና።»

«ቆይ አትበለኝ!»

ኦሪን ማዳመጫውን ነቅሎ ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አደረገ። ቁልፉን ሦስት ጊዜ ተጫነና ሳህኑን ጉድጓዱ ላይ አሳለፈው። ያ እንደ ወፍ ሲንጫጫ የነበረ መሣሪያ እንደ አሳማ ያጉረመርም ጀመር። በዙሪያው ሁሉ አጉረመረመ፤ አራት ማዕዘን ሠርቶ። በሁለቱ ጫፎች ጉርምርምታው ወፈረ። በረጅሙ ጎን መካከል ላይ ሲደርስ ደግሞ ሳያቋርጥ ጮኸ።

ዶክተሯ እጇን አነሳች። «ከዚህ ወዲያ የእኔ ነው» አለችና በትንሿ መኮትኮቻዋ የመካከሉን ከፈተች። የመዳፍ ስፋት ያለው የዝገት ጉብታ ብቅ አለ። በብሩሽ ጠረገችው፣ በቀጭን እንጨት ፈለፈለችው፣ እንደገና ጠረገችው። መካከሉ ላይ የመክፈቻ ቀዳዳ ወጣ።

ተረከዟ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። «አቶ ቲልደን፣ ሬሳ እንዳያመልጠው ብሎ የሚቆልፍ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

 መጀመሪያ የገባው ኦሪን ነው። እጁን አፉ ላይ ጫነ። «የልብስ ሣጥን» አለ። «በቆዳ የተለበጠ የልብስ ሣጥን! እነሱም እኮ ክዳኑ ላይ የባለቤቱን ስምና ዓመት በናስ ሚስማር ይጽፉ ነበር። መቆለፊያ አለው። ሁለቱ ጫፍ ላይ ያሉት እጀታዎቹ ናቸው!»

እጀታዎቹ ነበሩ። ዶክተሯ ግን በዚህ አልረካችም፤ ቀስ ብላ እስከ ታች ወረደች። መቃብር ቢሆን ጎኑ ቀጥ ብሎ የወረደ፣ አፈሩም የተደባለቀ መሆን ነበረበት። ይህ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ነው፤ የሞላውም አመድ፣ ኦይስተር የሚባለው የሚበላ የባሕር ዛጎል ቅርፊትና የሳህን ስባሪ ነው። ከዚያ ሥር ሰው ያልነካው ቢጫ አፈር መጣ። የቤት ቆሻሻ መጣያ ጉድጓድ ኖሯል። አንዱን ስባሪ አንስታ ለኦሪን ሰጠችው። «ይኼን እርስዎ ይንገሩን።»

ኦሪን መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። ስባሪው ነጭ ነው፤ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም የተቀባና እንደ ዛጎል የተሸነሸነ። «ይሄ ዓይነት ሳህን ከ1780 በፊት የለም» አለ፤ ድምፁ ተመለሰለት። «ከሣጥኑ ጋር አብሮ ነው የተጣለው። ስለዚህ ሣጥኑ በ1740ዎቹ ተሠራ፣ ቢያንስ ሠላሳ ዓመት ሰውን አገለገለ፣ ሲያረጅ ከተሰበረ ሳህን ጋር ተጣለ። ቬርና፣ ይገባሻል? ይህች ኢ ማንም ትሁን ማን፣ እዚህ አልተቀበረችም። ልብስ ነበራት! የምትቆልፍበት ልብስ!»

ቬርና በሜዳው ዳር ያለ የድንጋይ ካብ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ጀርባዋን ሰጠችን። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ስናይ ማንም አልተጠጋም። ቆይታ ዞር አለች። «ነፋሱ ነው» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ዶክተር፣ እና ሐሙስ?»

«ሐሙስ ማሽናችሁ ይምጣ። እኔ እስከ ማታ ሣጥኑን ፎቶ አንስቼ፣ ለክቼ፣ አውጥቼ እጨርሳለሁ። መሬቱ የእርስዎ ነው፤ ሣጥኑም የእርስዎ ነው።»

«መቆለፊያውን ሎወል ይያዘው። ከእንግዲህ ምላሱን ይቆልፍበታል» አለችና ወደ ቤት ሄደች፤ መንገዱ ላይ ግን መሮጥ ጀመረች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። በሩ ከመዘጋቱ በፊት የሎወልን ሳቅ ሰማን፤ ከዚያም ዳሌውን እንዳመመው የሚያስታውቅ ጩኸት፤ ከዚያ እንደገና ሳቅ።

ኦሪን የቀረውን ቀን ዶክተሯ አጠገብ ተንበርክኮ ዋለ። እያንዳንዷ ሚስማር የት እንደነበረች ካሬ ካሬ በተሰመረበት ወረቀት ላይ እንዴት እንደሚመዘገብ አሳየችው። እንደ ተማሪ ነበር የሚጠይቃት። የጠፋውን አራተኛ ቁጥር አንዴ ብቻ አነሳ። «ሦስት ይሁን ዘጠኝ አላውቅም» አለ። «እሱን ተሸክሜው እኖራለሁ። መቃብር መስሎኝ ደብቄ ያንን ተሸክሜው ቢሆን ኖሮ ግን...» ሳይጨርሰው ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ሐሙስ ጠዋት ኤክስካቫተሩ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ፣ ሎወል በሁለት ምርኩዝ ራሱ መጣ። ለሚሠራው መኝታ ቤት ጥግ ምልክት በተቸከሉት እንጨቶች መካከል ተጣጣፊ ወንበር ዘርግተንለት ተቀመጠ፤ ረጅም እግሮቹን እስከ ጫፋቸው ዘረጋ። ፊት ለፊቱ ኦሪን አሁን ለሁሉ ነገር የሚጮኸውን ዲቴክተሩን ይዞ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ብሎ በሜዳው ጠርዝ ያወዛውዛል። መሣሪያው አጉረመረመ። ኦሪን ጎንበስ አለ።

«ኦሪን!» አለ ሎወል ምርኩዙን ወደ እሱ ቀስሮ። «ሌላ ነገር ካገኘህ አንተኑ ነው እዚያ የምቀብርህ። የሣጥንህ ክዳን ላይም የዓመቱን አራቱንም ቁጥር ነው የማስጽፈው።»

ኦሪን ቀና ብሎ አየው፤ ቬርናን አየ፤ የኤክስካቫተሩን ሾፌር አየ። ከዚያ መሣሪያውን አጠፋና ሣሩ ላይ አጋደመው፤ ለሾፌሩም በእጁ ቀጥል አለው።